ቀፎው በዝቶ አበባው ሲጎድል

ንብ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ማር ያዘነብላል። ኢትዮጵያ በማር ምርት አፍሪካን ትመራለች፤ በሰምም ከዓለም ግንባር ቀደም አምራቾች ተርታ ትሰለፋለች። ጠጁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ፣ ለጉንፋንና ለቁስል ተብሎ በብልቃጥ የሚቀመጠው ማር፣ ሁሉም ንብን ከማር ነጥለን እንዳናያት አድርገውናል። የግብርና ዕቅዱም የልማት ፕሮጀክቱም የሚመዘነው በዚሁ ነው፦ ስንት ዘመናዊ ቀፎ ተሰራጨ፣ ስንት ቶን ማር ተመረተ፣ ስንት ወጣት ተደራጀ። የእኔ ሙግት መለኪያው ከተሳሳተ ቦታ ላይ ተተክሏል የሚል ነው። ንብ ለአገር የምትሰጠው ትልቁ ሀብት በየማሳው ላይ ማንም ሳይመዘግበው የሚያልፈው ሥራዋ ነው። የተጋረጠባት ትልቁ አደጋ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየሳሳ የሚሄደው አበባ፣ በቀረው አበባ ላይም ያለ ሰዓቱ የሚረጨው መርዝ ነው። ይህ ከሆነ ቀፎ ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ረሃብተኛ ማብዛት ሊሆን ይችላል።

አበባ ፍሬ እንዲይዝ የወንዴው ብናኝ ሴቴው ክፍል ላይ ማረፍ አለበት። ነፋስ ይህን የሚሠራላቸው ተክሎች አሉ፤ በራሳቸው አበባ ውስጥ የሚጨርሱም አሉ። ቀሪዎቹ ተሸካሚ ይፈልጋሉ። ዝንብም፣ ቢራቢሮም፣ ጥንዚዛም፣ ወፍም ይሸከማሉ፤ ንብ ግን በሁለት ነገር ትለያለች። አንደኛ፣ ልጆቿን የምታሳድገው በብናኝ ስለሆነ አበባ ላይ የምትውለው ለራሷ ጥጋብ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መመላለስ ግድ ይላታል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጉዞዋ አንድ ዓይነት አበባ ላይ ትጸናለች፤ ከኑግ የተነሳች ወደ ኑግ፣ ከባቄላ የተነሳች ወደ ባቄላ ትሄዳለች። ብናኙ ለሚፈልገው ዘር የሚደርሰው በዚህ ጽናት ነው። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ መንጋ የሌላቸው፣ በየአፈሩና በየግንዱ ቀዳዳ ብቻቸውን የሚራቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣና እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አንድ ጥናት በዓለም ዋና ዋና ከሆኑ 115 የምግብ ሰብሎች ውስጥ 87ቱ በተለያየ መጠን የእንስሳትን ብናኝ ማመላለስ እንደሚሹ አሳይቷል። የብዝኃ ሕይወት ሳይንስን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ መድረክ በ2016 ባወጣው ዘገባ ደግሞ ይህ አገልግሎት በቀጥታ የሚደግፈው የሰብል ምርት በዓመት ከ235 እስከ 577 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ገምቷል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባውም። ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ስንዴና ገብስም እንዲሁ። በቆሎ በነፋስ ነው፤ ማሽላም ንብ አይጠብቅም። እንሰት የሚባዛው ከአምቾው በሚወጣ ችግኝ ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያዊ ገበታ መሠረቱ ከንብ ነፃ ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? በዓለም ደረጃም ቢሆን ብናኝ አመላላሾች ፈጽመው ቢጠፉ ጠቅላላው የሰብል ምርት የሚቀንሰው ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሆነ ያሰሉ ተመራማሪዎች አሉ። ንብ ከጠፋች የሰው ልጅ በአራት ዓመት ያልቃል የሚለው፣ በአንስታይን ስም የሚዞረው አባባልም እርሱ ስለመናገሩ ማስረጃ የለውም፤ በይዘቱም እውነት አይደለም። ለንብ የሚቆረቆር ሰው ይህን አባባል ቢተወው ይሻላል፤ የተጋነነ ማስፈራሪያ አንድ ቀን ሐሰትነቱ ሲገለጥ እውነተኛውን አደጋም ይዞ ይወድቃል። ነገር ግን ተቃውሞው የሚቆጥረው ሆድ የሚሞላውን ብቻ ነው። እንጀራው ያለ ንብ ይጋገራል፤ ወጡ የሚሠራበት ዘይት፣ የባቄላው ሽሮ፣ የሽንኩርቱ ዘር፣ ዱባው፣ አቮካዶው፣ ከሁሉም በላይ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣው ቡና ግን ወደ ንብ ይመልሱናል። ቫይታሚንና ጥሩ ቅባት የሚገኘውም በአብዛኛው ከእነዚህ ነው፤ ጥያቄው ከጥጋብ ወደ ጤናና ወደ ገቢ ይሻገራል።

ኑግ ለዚህ ከሁሉ የጠራ ማስረጃ ነው። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ነው፤ ዛሬም በስፋት የሚዘራው እዚህና ህንድ ውስጥ ነው። በጎጃም፣ በወለጋና በሸዋ፣ ውሃ በሚተኛበትና ሌላ ሰብል በሚያስቸግር መሬት ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ተክሉ የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ፍሬ እንዲቋጥር ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት፤ ይህን የሚያመጡለትም ነፍሳት፣ በዋናነትም ንቦች ናቸው። አበባውን በመረብ ሸፍኖ ንብ መከልከል፣ ከጎኑ ያለውን ክፍት መተው፣ ከዚያ ዘሩን መዝኖ ማወዳደር ቀላል ሙከራ ነው። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል በኑግም በሽንኩርት ዘርም ላይ ይህን ዓይነት ሥራ ሠርቷል፤ ንብ የጎበኘችው ክፍል ዘሩ በግልጽ ይበልጣል። አሁን ይህን ከአገሪቱ የዘይት ችግር ጋር አያይዘን እንየው። ኢትዮጵያ የምግብ ዘይቷን በአብዛኛው ከውጭ ታስገባለች፤ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚገዛው የፓልም ዘይት ሲወደድ የከተማው ኑሮ ይናጋል። ስለ ኑግ ምርታማነት ሲወራ ግን የሚነሳው የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና የአስተራረስ ዘዴ ነው። ንብ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የኑግ ማሳ ዳር ጥቂት ቀፎ ማስቀመጥ ለገበሬው ዘር፣ ለአናቢው ማር፣ ለከብቱም የበለጠ ፋጉሎ እንደሚያስገኝ እየታወቀ ሰብል ያዥውና ንብ ያዥው በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ ዕቅድ ይሠራሉ።

ቡና ትንሽ ይወሳሰባል። የአረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ ፍሬ መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ንብ ለቡና አያስፈልግም ተብሎ ይታመን ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ከፓናማ የመጣ ሥራ የማር ንብ ባለበት የአረቢካ ምርት ከግማሽ በላይ ከፍ እንደሚል ሲያሳይ ይህ እምነት ተናጋ። በቀጣዩ ዓመት ከኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት የወጣ ጥናት አንድ እርምጃ ሄደ፤ ጥቂት የንብ ዝርያ በሚጎበኘው የቡና ማሳ ፍሬ የሚይዘው አበባ 60 በመቶ ያህል ሲሆን 20 ያህል ዝርያ ባለበት ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። በእኛው ጅማ አካባቢ የተደረገ ምርምር ደግሞ የቡና አበባን በብዛት የምትጎበኘው ከፊል ዱር፣ ከፊል ለማዳ የሆነችው የማር ንብ መሆኗን አረጋግጧል። የጅማው ውጤት የሚያስደስትም የሚያሰጋም ነው። የሚያስደስተው ንቧ አሁንም በብዛት መኖሯ ነው። የሚያሰጋው ሥራው በአንዲት ዝርያ ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው፤ እርሷ ብትታወክ የሚተካት ብዙ የለም።

የቡና አበባ ግን ዝናብ ጠብቆ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይረግፋል። ክርክሬ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኅብረ ንብ ለሦስት ቀን ቡና ብላ ዓመቱን ሙሉ መኖር አትችልም። ቡና ሲያብብ ጠንካራ ሆና እንድትገኝ ከዚያ በፊት ግራዋ፣ ከዚያ በኋላ ገተም፣ ቀጥሎም ብሳና ያስፈልጋታል። በደጋው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባና ሜጭ፣ ተከትሎም ኑግ ምድሩን ቢጫ ያደርጉታል፤ የኅዳሩ ማር ቆረጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። የንብ ዓመት እንዲህ የተቀጣጠለ የአበባ ሰንሰለት ነው። በመካከሉ አንድ ቀለበት ቢጎድል፣ ያም የሁለት ወር ክፍተት ቢሆን፣ አውራዋ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፣ ሠራተኞቹ ይመናመናሉ፣ የተከማቸው ማር ያልቃል። የአውሮፓ ንብ በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ቀፎዋ ውስጥ ሆና ትራባለች። የእኛ ንብ ግን ቀፎውን ጥላ ትኮበልላለች። አናቢው ማለዳ ሄዶ ባዶ ቀፎ ሲያገኝ ንቡ ከዳኝ ይላል፤ ቀፎው አልተስማማት ይሆናል፣ ጉንዳን ገብቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ቀፎው ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ንብ ለቀለብ የምትዞረው ይህን ያህል ርቀት ነውና።

ይህ ሰንሰለት እንዴት እየተበጠሰ ነው? ደን ሲመነጠር እንደሚበጠስ ማንም ያውቃል፤ ገተምና ብሳና ከሄዱ የሸካና የከፋ ነጭ ማርም ይሄዳል። ብዙም የማይነገርለት ግን በእርሻ ማሳው መካከል የሚደረገው ነው። ሜጭ ለገበሬ አረም ነው፤ ለንብ ደግሞ ከክረምቱ ረሃብ የምታገግምበት ዋና ቀለብ ነው። ቀድሞ አረሙ በእጅ ሲታረም በድንበሩና በጠረፉ የሚተርፈው ለንብ ይበቃ ነበር። ዛሬ ቱፎርዲና ሌሎች ፀረ አረም መድኃኒቶች ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ከማሳው ጠራርገው ያወጡታል። መድኃኒቱ ንቧን በቀጥታ ባይገድላት እንኳ ቀለቧን ይገድለዋል። ይህን ስል ገበሬው ወደ እጅ አረማ ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ የጉልበት ዋጋው፣ በተለይ በሴቶችና በልጆች ላይ የሚጭነው ሸክም ቀላል አይደለም። የማሳ ድንበር፣ የቦይ ዳርና የመንገድ ጠርዝ ሳይረጭ ቢተው ግን ለሰብሉ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ፣ ለንቧ የሚያተርፈው ብዙ ነው። ስለ ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነገሩን በአንድ ወገን መፍረድ ያስቸግራል። አገር በቀሉን ተክቷል፣ ውሃም ይጠጣል ይባላል፤ አበባው ግን ለብዙ የደጋ አናቢ የመጨረሻ ተስፋ ሆኗል። ችግሩ ተራራው ሁሉ ባሕር ዛፍ ብቻ ሲሆን ነው፤ እርሱ በማያብብበት ወር ሌላ የሚያብብ አይኖርም።

አበባን መጠበቅ የሕልም ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች በአገራችን አሉ። በሸካና በከፋ የቆየው ኮቦ የሚባለው ልማድ ቤተሰቦች በደን ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉበትን ክልልና ዛፍ በይዞታ ይሰጣቸዋል፤ ዛፉ የቀፎ መስቀያ ስለሆነ አይቆረጥም፣ ሌላውም እንዳይቆርጠው ባለቤቱ ይከላከላል። ከፋ በ2010፣ ሸካ በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ሲሰፍሩ ለመመዝገብ የበቃ ደን የተረፈው በከፊል በዚህ ዓይነት ልማድ ነው። በትግራይ ደግሞ የተራቆቱ ተራሮች ከከብት ንክኪ ተከልለው ቁጥቋጦውና ሣሩ ሲመለስ መሬት የሌላቸው ወጣቶች እዚያው ቀፎ እንዲያስቀምጡ ተደርጓል። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል፤ መጀመሪያ ተራራው አበበ፣ ቀፎው በኋላ መጣ። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የተካሄደው ጦርነት ከሰው ሕይወት ጋር ብዙ የንብ ሀብትንም አውድሟል፤ መልሶ ማቋቋሙ ቀፎ በማከፋፈል ብቻ ከተጀመረ ያ ቅደም ተከተል ይገለበጣል።

ወደ መርዙ ስንመጣ፣ በፈጣን ሞትና በዘገምተኛ ጉዳት መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ያስፈልጋል። ማላታዮን በአበባ ላይ ሲረጭ ንቦች ቀፎው ደጃፍ ላይ ረግፈው ይገኛሉ፤ ይህ ለዓይን ይታያል። በ2012 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተደረገ ሙከራ ግን በንቦች ጀርባ ላይ ጥቃቅን መለያ ለጥፎ ታያሜቶክሳም ከተባለው ፀረ ተባይ ሊገድል የማይችል ጥቂት መጠን ሰጣቸው፤ ብዙዎቹ ወደ ቀፏቸው መመለሻ መንገዱን አጡ። እንዲህ ያለው ጉዳት ሬሳ አይተውም፤ አናቢው የሚያየው ቀፎው ሲመናመን ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. የዚህ ቤተሰብ የሆኑ ሦስት መድኃኒቶች ከቤት ውጭ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ያገደው መሰል ማስረጃዎች ከተከማቹ በኋላ ነው። በእኛ አገር በስንዴ ዋግ ላይ የሚረጩት አንዳንድ ፀረ ሻጋታዎችም ለብቻቸው ንብን ብዙ ባይጎዱም ከፀረ ተባይ ጋር ሲገናኙ የመርዙን ኃይል ያባብሳሉ። ጫት ላይ የሚረጨው፣ አትክልት ላይ በየሳምንቱ የሚደገመው፣ መለያ በሌለው ጠርሙስ በገበያ የሚሸጠው ሲደመር በአንድ ንብ የቅኝት ክልል ውስጥ ምን ምን እንዳለ ለማወቅ ይቸግራል።

ግን በረሃብና በንብ መካከል መምረጥ ቢመጣስ? የበረሃ አንበጣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሲወር መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር እንደ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉ መድኃኒቶችን ረጭቷል። ባይረጭ ኖሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሰብል ይበላ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ2009 ዓ.ም. የገባው መጤ ተምችም በቆሎውን ትቶ የሚሄድ አልነበረም። መርጨቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ከመርጨቱ ጋር ንብን የሚያስጥል ሥርዓት አብሮ መሄድ ነበረበት። ንብ በጨለማ አትወጣም። ከምሽት በኋላ መርጨት፣ ከአንድ ቀን በፊት ለአናቢዎች ማሳወቅ፣ ቀፎውን ሌሊት ዘግቶ ወይም አርቆ ማቆየት፣ ማሳው ባበበ ሰዓት መቆጠብ፣ እነዚህ የገበሬውን ምርት የማይነኩ ጥንቃቄዎች ናቸው። የሕግ ክፍተትም ሰበብ አይሆንም። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674ም በዚያው ዓመት። የጎደለው በቀበሌ ደረጃ ማን ለማን፣ መቼ እንደሚናገር የሚወስን የዕለት ተዕለት አሠራር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ስልክ፣ ድምፅ ማጉያና የልማት ሠራተኛው ትኩረት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከቁጥር ይነሳል። ንብ እየጠፋች ከሆነ በዓለም ያለው የቀፎ ብዛት ለምን ይጨምራል? እውነት ነው፤ ከ1961 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የዓለም ቀፎ በ45 በመቶ አድጓል። ይህንኑ ቁጥር ያወጡት ተመራማሪዎች ግን በዚያው ዘመን ብናኝ አመላላሽ የሚፈልጉት ሰብሎች ከ300 በመቶ በላይ ማደጋቸውን አያይዘው አስፍረዋል። ሥራው ከሠራተኛው ይልቅ ፈጥኖ በዝቷል። ደግሞም ቀፎ የሚቆጠረው የማር ንብን ብቻ ነው፤ በጀርመን ጥብቅ ቦታዎች ውስጥ በ27 ዓመት ክትትል የበራሪ ነፍሳት ክብደት ከሦስት አራተኛ በላይ መቀነሱን የሚነግረን የቀፎ ቆጠራ አይደለም። በአሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሠራተኛ ንቦች አውራቸውንና ዕጫቸውን ትተው መጥፋታቸው ሲዘገብ የዓለም ትኩረት ወደ በሽታና ወደ ቫሮዋ ወደተባለችው መዥገር ዞረ። ቫሮዋ አሁን በሰሜን ኢትዮጵያም ተገኝታለች፤ የእኛ ንቦች ግን እስካሁን እንደ አውሮፓና አሜሪካ ንቦች አልረገፉባትም። የአፍሪካ ንብ ለዘመናት በተፈጥሮ ስለተመረጠች፣ ስለምትሰደድም፣ ተባይን ትቋቋማለች። ይህን አቅም የሚያጠፋው አንድ ነገር የተሻለ ዝርያ ተብሎ ከውጭ አውራ ማስገባት ነው፤ ይህ በር በጥብቅ ተዘግቶ መቆየት አለበት።

እነዚህ ነገሮች ሲደማመሩ የዘመናዊ ቀፎ ጉዳይም ቦታውን ያገኛል። ከአገሪቱ ቀፎ ዘጠኝ አስረኛው አሁንም ባህላዊ ነው፤ ከአንዱ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሲቆረጥ ባለ ፍሬሙ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሊሰጥ እንደሚችል ይነገራል። ማሩም ይጠራል፣ በእሳት የሚያልቀው ንብም ይቀንሳል። መልካም ነው። ነገር ግን ያ 20 ኪሎ ከሰሌዳው አይመጣም፤ ከአበባ ነው የሚመጣው። በየሰነዱ የሚጠቀሰው አገሪቱ በዓመት 500,000 ቶን ማር ማምረት ትችላለች የሚለው ግምትም አበባው እንዳለ ይቆያል ብሎ የተነሳ ነው። ዘመናዊ ቀፎ ተረክበው ንብ ሳይገባበት በየጓሮው የደረቁትን ማንም የወረዳ ባለሙያ ያውቃቸዋል። ለዚህ ነው የቀፎ ስርጭት ከመደረጉ በፊት ለየአካባቢው የአበባ የቀን መቁጠሪያ መሠራት አለበት የምለው፦ በየትኛው ወር ምን ያብባል፣ የትኛው ወር ባዶ ነው፣ ባዶውን የሚሞላ ምን ይተከላል። በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ ሲመረጥ ይህ ጥያቄ ቢጨመር ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

ቆጠራችን ጨርሶ የማይደርስባቸው ንቦችም አሉ። ጣዝማ መናደፊያ የላትም፤ ከመሬት በታች ትሠራለች፤ ማሯ ለመድኃኒትነት ስለሚፈለግ ከተራው ማር በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጣል። የሚገኘው ግን ጎጆዋን ቆፍሮ በማውጣት ነው፤ ቁፋሮውም አብዛኛውን ጊዜ መንጋውን ያጠፋል። ዋጋው በጨመረ ቁጥር ቁፋሮው ይጨምራል። በዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ውስጥ ለጣዝማ ረድፍ የለም፤ በአፈር ውስጥ ብቻቸውን ለሚራቡት ሌሎች የዱር ንቦችም እንዲሁ፤ የሚታረሰው ድንበር፣ የሚደለደለው ገደል ግን ቤታቸው ነው። ጣዝማን በሣጥን አስገብቶ ለማርባት በሆለታ የተጀመሩ ሙከራዎች መንገዱ እንዳለ አሳይተዋል። ያ መንገድ ወደ ገበሬው እንዲደርስ ሙከራው የበጀት ድጋፍና ሣጥን የሚሠራ አናጺ፣ መንጋ ሳይሞት የሚዛወርበትን ዘዴ የሚያስተምር ባለሙያ ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ በየገበያው የሚሸጠው የጣዝማ ማር ከየትኛው ቀበሌ፣ በምን መንገድ እንደወጣ ወረዳዎች መመዝገብ ቢጀምሩ ቢያንስ ምን ያህል ጎጆ በየዓመቱ እየተቆፈረ እንዳለ እናውቃለን።